ለብቻ መጥቶ በቡድን መንዳት፦ ከጡረታ በኋላ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ በብስክሌት

ልጆች አድገው ሄደዋል። የትዳር ጓደኛዎ አርፏል፣ ወይም ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። የእርስዎ እግር ግን ገና ይታዘዛል፤ አገር ማየትም ያምርዎታል። ለብቻ መውጣቱ ነው የሚከብደው። «ቢደክመኝስ? ብወድቅ ማን ያነሳኛል? ማታስ ከማን ጋር እራት እበላለሁ?» ብለው ይተዉታል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ብለው ለተዉት ሰዎች ነው።

ጎንደር ነው የምኖረው። በልጅነቴ ብስክሌት በሰዓት እየተከራየን ነበር የምንነዳው። ከዚያ ሥራና ኑሮ መጣ፤ ተረሳ። እንደገና የያዝኩት በ61 ዓመቴ ነው። አሁን መንገዱ ሰላም በሆነ ዓመት፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ከአቻዎቼ ጋር በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ ወዳለችው ጎርጎራ እንወርዳለን። አብዛኞቻችን ለየብቻ የምንመጣ ነን።

የመጀመሪያው የቡድን ጉዞዬ ግን ጥሩ አልነበረም። ስምንት ነበርን። የሠላሳ ዓመት ሰውም አለ፣ የስልሳም አለ። አስጎብኚው ጎበዝ ወጣት ነው፤ ከፊት ሆኖ ነጎደ። ከማክሰኝት ስንመለስ፣ ጠዳ ሳንደርስ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር ካቴናዬ ወለቀ። ቀና ስል ማንም የለም። ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። እየነዳ ነዋ! ያዳነኝ አንድ እረኛ ልጅ ነው። «አባባ፣ ይቆዩ» አለኝ። ካቴናውን በዱላው ጫፍ አንስቶ የማርሹ ጥርስ ላይ አስቀመጠው። ፔዳሉን በእጁ አንዴ አዞረው፤ ገባ። ጣቱ በግራሶ ጠቁሮ ነበር። ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ሌሎቹን ከ40 ደቂቃ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔ ስደርስ እነሱ ሒሳብ ከፍለው ተነሱ። እነሱ አርፈዋል፤ እኔ አላረፍኩም። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ የነዳሁት እንዲሁ ነው። ደካማው ሰው በየቦታው መጨረሻ ይደርሳል፤ ሲደርስ ደግሞ ቡድኑ ይነሳል። ስለዚህ ብዙ ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ጭራሽ ሳያርፍ ይውላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድን የምመርጠው በአንድ ነገር ነው፦ በማን ፍጥነት ነው የሚሄደው?

መጀመሪያ፦ ቡድኑን መምረጥ

የሚያዘጋጀውን ሰው በስልክ ሳይሆን በአካል አግኝተው ይጠይቁት። ሩቅ ከሆኑ በቪዲዮ ይደውሉለት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከኋላ ማን ይሄዳል?» የሚል ይሁን። ከፊት መሪ፣ ከኋላ ደጀን ሊኖር ይገባል። ደጀኑ ከመጨረሻው ሰው ፈጽሞ አይቀድምም። ጎማ መለወጥና የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት ያውቃል። «ከኋላ ሰው አያስፈልግም፣ መንገዱ አንድ ነው» ካለዎት አመስግነው ይለዩት።

ቀጥለው የዕረፍቱን ደንብ ይጠይቁ። የእኛ ደንብ ቀላል ነው፦ ዕረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ ጀምሮ ነው። ፈጣኖቹ መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ይለምደዋል።

ሦስተኛው አጃቢ መኪና ነው። ያለ እሱ አይሂዱ። ሻንጣ የሚይዝ፣ የደከመውን የሚጭን፣ ውኃ የሚያቀብል መኪና ያስፈልጋል። ነዳጅ ከዋዜማው መሙላቱን አደራ ይበሉ፤ ነዳጅ የጠፋ ቀን ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል። መኪና ላይ መውጣት ደግሞ ነውር የለበትም። ይህን መሪው ራሱ በመጀመሪያው ማታ በግልጽ ሊናገረው ይገባል።

ብዛት? ከ6 እስከ 10 ሰው ለእኔ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል፣ ሁለት ቦታ ይከፈላል።

ክፍልም አለ። ለብቻው የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ይበዛል፤ የሁለት ሰው ክፍል ብቻውን ስለሚይዝ። አንዳንዱ አዘጋጅ ከማያውቁት ሰው ጋር ያዳብልዎታል። ሂሳቡ ይቀንሳል፤ እንቅልፍዎም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። አቅም ካለ የብቻ ክፍል ይያዙ ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ለሚውል ሰው በሩን ዘግቶ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ያስፈልገዋል። እኛ ገንዘቡን በእቁብ ነው የምናጠራቅመው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ኪስ አይሰማውም።

በአውሮፓ ይህ ነገር የተለመደ ነው። እዚያ ብዙ ጡረተኞች በዳኑብ ወንዝ ዳር ከፓሳው እስከ ቪየና ይነዳሉ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሚወዱት ወንዙ ወደሚወርድበት ስለሚነዱና መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ነው። ጎንደር ከተማ ዳገት ናት። ግን ከሥሯ እስከ ጣና የተዘረጋው ሜዳ፣ ደምቢያ፣ አለልን። ከአዘዞ ወደ ጣና የሚወስደው መንገድ በጥቅሉ ቁልቁል ነው።

ሁለተኛ፦ ሰላሙን ማጣራት

ይህን ደረጃ ማንም አይዝለለው። በክልላችን ባለው የፀጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ጠዋት የተከፈተ ከሰዓት ሊዘጋ ይችላል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት፣ ከዚያ ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከዚያም በዋዜማው ይጠይቁ። የሚጠየቁት በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችና መንገዱ ላይ ባለችው ቆላ ድባ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አፋቸውን ሞልተው «ሰላም ነው» ካላሉ ጉዞው ይቅር። ማንንም ሳይጠይቅ «ችግር የለም» የሚል አዘጋጅ ካጋጠመዎት አይመኑት። ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘብዎ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ይያዙ።

ከውጭ የሚመጡ ወገኖች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። የሚኖሩበት አገር መንግሥት «አትሂዱ» ያለው አካባቢ ላይ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ውሉን ያንብቡት።

ሦስተኛ፦ ሐኪምዎን በደንብ መጠየቅ

«ብስክሌት ልንዳ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ቀስ ብለው ይንዱ» ብሎ ይሸኝዎታል። እንዲህ ይበሉት፦ «ለሁለት ተከታታይ ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት ገደማ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እነዳለሁ። የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው።» መድኃኒቶቹን በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰውነት ውኃ ቶሎ ያጣል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የጥማት ስሜት ይቀንሳል፤ ሳይጠማን ደርቀን እንገኛለን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ፣ ወድቀው ጭንቅላትዎን ከተመቱ ምንም ባይሰማዎት እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ፤ ኢንሱሊን ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውት፣ ይበላሻል። የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት ከወሰዱ የእጅ ሰዓቱ የሚያሳየው ምት አያስተማምንም።

ከዚያ አንዲት ካርድ ይጻፉ። ስም፣ ሕመም፣ መድኃኒት፣ አለርጂ፣ የሚደወልለት ሰው። አንዱን ቅጂ ለደጀኑ ይስጡት፣ አንዱን ደረት ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። ለብቻ የመጣ ሰው ሕመሙን የሚናገርለት የለውምና ካርዷ ትናገርለት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ካርዱ ላይ ይጻፉት።

አራተኛ፦ ስምንት ሳምንት መለማመድ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከዚያ ላይ ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስጠብቅ። እኛ ወደዚያ ቀስ በቀስ የምንደርሰው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው 40 ደቂቃ፤ ውስጡ አንድ ዳገት ይግባ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ቅዳሜ 2 ሰዓት፣ እሑድ 1 ሰዓት። በስምንተኛው ቀነስ አድርገው ይረፉ።

ቅዳሜና እሑድ ማከታተሉ ለይምሰል አይደለም። በቡድን ጉዞ ላይ ሰውን የሚጥለው ሁለተኛው ቀን ነው። እግር ያገግማል፤ መቀመጫ ግን አያገግምም። እሑድ ጠዋት ኮርቻው ላይ መልሰው ሲቀመጡ የሚሰማዎትን ስሜት ቤትዎ አጠገብ ቢያውቁት ይሻላል።

ልኩን የሚያውቁት በወሬ ነው። እየነዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው። መዝፈን ከቻሉ ቀሎብዎታል። ሁለት ቃል ተናግረው አየር ካጠረዎት በዝቷል፤ ይቀንሱ። ደረት ላይ መጫን፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ ከመጣ ግን ይውረዱና ይቁሙ። «ይለቀኛል» ብሎ መቀጠል የለም።

የከተማ ሰው ከሆኑ በማለዳ ይውጡ፤ ባጃጁ ሳይበዛ። ቤት ውስጥ ደግሞ እጅ ሳይደግፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም፣ አንገት ወደ ግራና ቀኝ ማዞር። አንገቱን ቸል አይበሉት። ከኋላ የሚመጣን አይሱዙ የሚያዩት በእሱ ነው።

አምስተኛ፦ ብስክሌቱን በልክ ማድረግ

ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች ያለው ፔዳል ላይ ያድርጉ። እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። በፊተኛው መዳፍ ሲረግጡ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፤ ልኩ ያ ነው። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ላልነዳ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደርግለታለሁ። ሲደነግጥ እግሩን መሬት ማስነካት ይችላል፤ ድንጋጤው ሲለቀው ከፍ ይደረጋል።

የፍሬኑን እጀታ ይፈትሹ። ጣት ሳይለጠጥ ሊደርስ ይገባል። የእጅ ጉልበት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ ለወጣት የተስተካከለ ፍሬን ለእኛ ሩቅ ነው። እጀታውን የምታስጠጋ ትንሽ ቡሎን አለች፤ ጠጋኙ በደቂቃ ይሠራታል። መስታወት በግራ በኩል ያስገጥሙ፤ መኪና የሚያልፈን በግራ ነውና። ጎማው ሰፋ ያለ፣ ማርሹ ለዳገት የሚቀል ይሁን። ሲወጡ እግር ማንሳት የሚከብድዎ ከሆነ መሐሉ ዝቅ ያለውን፣ «የሴት» የሚባለውን ብስክሌት ይምረጡ። ወንዶች ይህን ለመቀበል ያንገራግራሉ። የዳሌ አጥንት ከመስበር ይሻላል።

በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ከተገኘ ደስ ይላል። ማታ መብራት ቢጠፋ በምን እንደሚሞላ ግን ቀድመው ይጠይቁ።

ብስክሌት በአውሮፕላን ይዘው መምጣት አያስፈልግም፤ ኮርቻዎን ብቻ ይዘው ይምጡ። ስምንት ሳምንት የተለማመዱበትን፣ ሰውነትዎ የለመደውን። ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ የሚፈታውም በአንድ ቁልፍ ነው። ከሁሉም ምክሬ ሰዎች ተመልሰው የሚያመሰግኑኝ በዚህ ነው።

የሚያዝ ነገር

ሄልሜት፤ ፊቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ፣ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ፤ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፣ ስፌቱ ይልጣል። ከላይ ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ ይደረብበታል፣ ማንም አያየውም። እጀ ረጅም ሸሚዝ። መነጽር፤ ላይና ታቹ የተለያየ ከሆነ መሬቱን ስለሚያዛባ የሩቁን ብቻ ያድርጉ። ለማታ ጋቢ።

ለስንቅ ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም። ጨው ጣል አድርጎ፣ በትንሽ ውኃ ለውሶ፣ ጭብጦ ማድረግ። ሦስት ጭብጦ ጠዋት ያደርሳል፤ ለጾምም ይሆናል። ሙዝና ዳቦ ቆሎ ይጨመርበታል። ውኃ በየ15 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ፣ ሳይጠማዎት። ብዙ የሚያልብዎት ከሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟተው ይያዙ። የሚጾሙ ከሆነና እስከ 9 ሰዓት ውኃም የማይቀምሱ ከሆነ መንዳቱ አይሆንም። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ወይም ጉዞውን ከጾሙ ውጭ ያድርጉት።

ስድስተኛ፦ መንገዱ፣ ቀን በቀን

ወቅቱ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በክረምት የደምቢያ ዋልካ አይቻልም። ጥቁሩ ጭቃ ጎማውና ፍሬኑ መሐል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱ መሽከርከሩን ያቆማል፤ በእንጨት እየፋቁ መግፋት ነው የሚተርፈው። ለጥምቀት ሰሞንም አልመክርም። በዓሉን ለማየት ይምጡ፤ ብስክሌቱን ግን ይተዉት፣ ከተማው በሰው ይሞላል።

የመጀመሪያው ቀን ለሰውነት ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከፍታው አዲስ አይደለም። ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር ለሚመጣ ግን ሁለት ቀን ቀስ ብሎ መዋል ይበጃል። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆራትን ከተማ በእግር ይዩ። ከሰዓት ብስክሌቱን ለመሞከር ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ደርሶ መመለስ ይበቃል። ኮብልስቶኑ እርጥብ ከሆነ ያንሸራትታል።

በሁለተኛው ቀን ከፒያሳ እስከ አዘዞ በመኪና ይሂዱ። ይህን 12 ኪሎ ሜትር መንዳት ጀብዱ የሚመስለው አለ። ቁልቁለት ነው፤ ባጃጁም ሚኒባሱም በድንገት ይቆማል። ዋጋ የለውም። አዘዞ ላይ ብስክሌት ይወርዳል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይነሳሉ። እስከ ቆላ ድባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ ያድርጉ፤ ወገብዎን ወደ ኋላ። ከፊትዎ ካለው ሰው ሦስት የብስክሌት ርዝመት ይራቁ። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል፣ «ጉድጓድ!» ይላል፤ ቃሉ እስከ ደጀኑ ይተላለፋል።

ከብት ሲያጋጥም ቀስ፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላው ይለፉ። ውሻ ከመጣ አይሩጡ። ይውረዱና ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መሐል ያድርጉት። ቀብር ካጋጠመ ሁሉም ይወርዳል፣ ሄልሜት ይወልቃል፣ ሰው እስኪያልፍ ይቆማል። የመንገዱን ሰው ሰላም ይበሉ። ነጭ ፀጉር ይዞ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ገበሬውን ያስገርመዋል፤ «እንዴት ዋላችሁ» ሲሉት ግን ይመርቅዎታል። ታኅሣሥ አካባቢ ከሆነ ልጆች የሽምብራ እሸት በነዶ ይዘው ይቆማሉ። ይግዟቸውና ቆመው ይብሉ። ዕረፍት ማለት ያ ነው።

ማታ ቆላ ድባ አናድርም። መኪናው ጎንደር ይመልሰናል፣ በማግስቱ ያደርሰናል። ነዳጅ ይፈጃል፤ ግን የለመዱት አልጋና የለመዱት መታጠቢያ ቤት ለእኛ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ደምቢያ ላይ ወባም አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። የሚያድሩ ከሆነ አጎበር ይያዙ፣ ሐኪምዎን ስለ መከላከያ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ቀን ከቆላ ድባ በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ነው። ከትናንቱ ይረዝማል፣ ፀሐዩም ይጠነክራል። መቀመጫዎ ቢያምዎት በየአሥር ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ትንሽ ብድግ ይበሉ።

ስለ ሰዎቹ

አንድ ዓመት አንዲት የ67 ዓመት እናት ከአዲስ አበባ ለብቻቸው መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ከደጀኑ ጋር መጨረሻ ላይ ሆነው ነዱ፤ ብዙም አልተናገሩም። ማንም አልነዘነዛቸውም። በማግስቱ ጯሂት ላይ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ልጅቷ ምጣዱን ስታቀርብ «ስጪኝ፣ እኔ ልቁላው» አሏት። ጭሱን በእጃቸው ወደየፊታችን አመጡልን። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ የእሳቸው ሆነ።

ለዚህ ነው ለመሪዎች የምነግራቸው፦ ለብቻው የመጣን ሰው ለማጫወት አትቸኩሉ። ቦታ ስጡት። እርስዎም በመጀመሪያው ማታ ሦስት ነገር ብቻ ይናገሩ፤ ስምዎን፣ ሕመምዎን፣ የሚፈሩትን። «ቁልቁለት እፈራለሁ» ማለት ያሳፍራል መሰለዎት? እርስዎ ሲሉት ሌሎች ሦስት ሰዎች «እኔም» ይላሉ። ከዚያ በየዕረፍቱ አጠገብዎ የሚነዳውን ሰው ይቀይሩ። ዝም ማለት ሲያምርዎ «ትንሽ ለብቻዬ ልንዳ» ይበሉ፤ ማንም አይቀየምም።

ጎርጎራ

ጣና ሲታይ ሁሉም ይፈጥናል። አይፍጠኑ፤ የደከመ ሰው የሚወድቀው መጨረሻው ላይ ነው። ሐይቁ እንደሚያምር አውቃለሁ፣ እግር ማስገባትም ያምራል። ግን ቢልሃርዚያ ስላለበት አይግቡ፤ በጠርሙስ ውኃ ይታጠቡ። ካረፉ በኋላ ደብረ ሲና ማርያምን ይሳለሙ። የሣር ክዳን ያላት፣ ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ ቤተ ክርስቲያን ናት። አካባቢው የአፄ ሱስንዮስ መናገሻ ነበር። ከስፔን መጥቶ ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት ያስገባው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው እዚሁ ነው።

መመለሻው በመኪና ነው። በሁለት ቀን የወረዱት ሁሉ ሲመለሱ ዳገት ይሆናልና። ብስክሌቶቹ ይጫናሉ፣ ካቴና ካቴናውን እንዳይነካ ካርቶን ይገባበታል፣ በገመድ ይታሰራሉ። ከመጫናቸው በፊት ቁልፉን ተቀብለው ኮርቻዎን ይፍቱ። ጎንደር ደርሰን ማታ በጨለማ ሲፈለግ አይገኝም።